የመስከረም 2001 ሾፌር

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ

ሌሊቱን ዘንቦ የምሠራበት ክፍል ውሃ ገብቶት ቆየኝ። ጠረግሁ። ለስደተኞች ስድስት ፎርም ሞላሁ፣ ጥቂት ፎቶ ኮፒ። አንዲት እናት የልጇን ስም ሦስት ጊዜ አስቀየረችኝ። ሦስተኛው ያምር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰኚ መጣች። ደረጃው ላይ በትሯን ስሰማ ደስ እንዳላት አወቅሁ… ፈጠን ብላ ነው የመጣችው። ሥራ አግኝታለች! እዚሁ ካምፓላ፣ ሙቱንጎ፣ ከቤቷ በታች ያለው ትምህርት ቤት። እንደሷ ማየት የማይችሉ አራት ልጆች አሉ፤ ረዳት አስተማሪ ትሆናቸዋለች። ግን መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሙከራ ነው። ዋና አስተማሪዋ ቁርጡን ነግራታለች፦ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ቀን፣ ጥር 2፣ ለአራቱም የሚነበብ ብሬል ይዘሽ ነይ፤ ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ሌላ ሰው አለኝ።

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። «የልጆቹ ጣት ሁሉን ረስቶታል» አለች።

«እትዬ አለም፣ ማተሚያው ይሠራል አይደል?»

ጥግ ያለውን ግራጫ ሣጥን አየሁት። ወረቀት ላይ የብሬል ነጥብ እየወጋ የሚያወጣው እሱ ነው። ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ጋሽ ታፈሰ በሐምሌ በኮሮና ካረፉ ወዲህ ሁለቴ ነው ያስነሳሁት። ሁለቴም ሠርቷል።

«ይሠራል» አልኳት።

ታኅሣሥ 6፣ ረቡዕ

ሰኚ የመጀመሪያውን ሳምንት ትምህርት በፍላሽ አመጣች። ሠላሳ ሁለት ገጽ። ለአራት ልጅ መቶ ሃያ ስምንት። የሁለት ቀን ሥራ ቢሆን ነው።

ኮምፒውተሩን ስከፍት ያ ጽሑፍ መጣ። ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ ይመጣል። አዲሱ ሲስተም ተዘጋጅቷል፣ በነፃ ነው ይላል። ሁልጊዜ «በኋላ» የሚለውን ነበር የምነካው። ዛሬ «እሺ» አልኩ። ለምን? ደጋግሞ የሚለምነኝን ሰው እምቢ ማለት አይሆንልኝም… ለማሽንም እንዲህ ነኝ ማለት ነው?

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዞረ፣ ዞረ። ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ። ሲመለስ ሰማያዊ፣ አዲስ፣ ፊቱን የታጠበ ይመስል ነበር።

ማተሚያውን ግን አላወቀውም። እንዳላየው ሰው አለፈው።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ

ጋሽ ታፈሰ አንድ ቀን ያስረዱኝ ትዝ አለኝ። በኮምፒውተሩና በማሽኑ መሀል ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ ድራይቨር ይባላል፣ እሱ ከሌለ ሁለቱ አይነጋገሩም። «ሾፌር በይው» አሉኝ። «ሾፌር የሌለው መኪና ምን ያደርጋል?» ይቆማል፣ አልኩ። «በቃ ጨረስሽ።»

ሾፌሩን ፈለግሁ። የማሽኖቹ ዝርዝር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት አንድ ነገር አለ። ማተሚያው አይደለም፤ ገመዱ ነው። የማተሚያው ሶኬት የድሮ ስለሆነ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው መሀሉ ባበጠ ገመድ ነው፤ ጉዱ እዚያ እብጠቱ ውስጥ ነው። ከስሙ ጎን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ቀድቼ ፈታሁት፦ ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል። የሸጠልህን አነጋግር።

ከ2012? ካቻምና! ካቻምና የቀረ ነገር እንዴት እስከ ትናንት ወዲያ ሠራ? ለሰኚ ደውዬ ይህንኑ ብላት ሳቋ ስልኩን ሊሰብረው።

«እትዬ! የፈረንጅ 2012 ነው። ያኔ እኔ ጅማ ነበርኩ፣ ዓይኔም ያይ ነበር።»

አፈርኩ። ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍኩና ከስክሪኑ ጎን ለጠፍኩት፦ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።

መጨረሻ ላይ፣ «ታዲያ ሠራ?» አለች። «እየሠራሁበት ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም… እውነትም አይደለም።

ታኅሣሥ 11፣ ሰኞ

ናካሴሮ ገበያ ወረድኩ። ፎቅ ላይ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ገመዱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እንደ ሞተ አይጥ አየው።

«ኛቦ፣ እመቤቴ፣ ይሄ አልቆለታል። አዲስ ግዢ።»

«ኦሪጅናል ነው?»

«ኦሪጅናል፣ ኦሪጅናል።» ሁለቴ ሲለው መጠርጠር ነበረብኝ።

ተመልሼ ሰካሁት። ያው ቢጫ ምልክት። ያው 2012። አዲስ ተገዝቶ የቀረ!

አቶ ሙሐመድዘይን ያን ጊዜ ገቡ። የክፍሉን ኪራይ የሚከፍሉልን እሳቸው ናቸው፣ ከሱቃቸው። ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። ሾፌሩ ጠፍቶ ነው አልኩ።

«ሾፌር? ኧረ አለምዘውድ፣ ሞተሮቹ የሚቆሙበት ስቴጅ ላይ ዐሥር ሾፌር ተጋድሞ የለም እንዴ! አንዱን ልጥራልሽ?»

«የማተሚያው ነው፣ ጋሼ።»

«እሱማ ገብቶኛል፤ ትስቂ እንደሁ ብዬ ነው።» ከዚያ ጥጉን አዩ። ትምህርት ቤት ሲከፈት የኮፒ ሥራ ይበዛል፣ ሁለተኛ ኮፒ ማሽን እዚያ ጥግ ማስቀመጥ ይፈልጋሉ። «እስከ አበሻው ገና ካልተነሳ ይውጣ። ቦታ ይዞ የሚተኛ እንግዳ አልችልም።» ለመሆኑ ማነው ያበላሸው አሉ።

«እኔ ነኝ። እሺ የሚለውን ነካሁ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ራሱ ነው የተበላሸ ይለኝ ነበር፣ ወላሂ» ብለው ወጡ።

ታኅሣሥ 13፣ ረቡዕ

ለሰኚ ነገርኳት። ፊት ለፊት፣ በስልክ አይሆንም ብዬ አስጠርቻት። እኔ ነኝ፣ እሺ ብዬው ነው አልኩ።

«ዓይን ያለው ሰው እንዲህ ነው» አለች። «ያየውን ሁሉ ይነካል።»

ከዚያ ከቦርሳዋ የእጅ መውጊያዋን አወጣች። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ማስመሪያና ወረቀት የሚበሳ ወስፌ። አንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። መቶ ሃያ ስምንት ገጽ… ስድሳ አራት ሰዓት። በየቀኑ እዚህ መጥታ ትወጋለች፣ እኔ ማሽኑን እታገላለሁ። ማን ይቀድማል አለች። መቅደም እኮ ያለብኝ እኔ ነኝ።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ቀኑን ሙሉ።

ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ

የዚህ አገር ገና። ሰፈሩ በሙሉ ሙዚቃ። ሰኚ ቀርታለች። ብቻዬን ገብቼ የጋሽ ታፈሰን መሳቢያ ከፈትኩ። እስካሁን ያልከፈትኩት ለምን ነበር? የሰው መሳቢያ ነው ብዬ… ሰውየው ከሞቱም በኋላ።

አንድ ደብተር፣ አንድ ፍላሽ። ደብተሩ ውስጥ፣ በዚያ በተኛ ጽሕፈታቸው፦

«ብሬል ማተሚያ። የመስከረም 2001 ሾፌር ብቻ። ሌላ አትንኩ።»

ፍላሹን ከፈትኩ። ሃያ ሦስት ሾፌር፣ እያንዳንዱ በወሩና በዓመቱ ቁጥር የተሰየመ። ዘጠነኛው ወር 2001 የሚል አለ። አለ!

ሰኞ እጭነዋለሁ።

ታኅሣሥ 18፣ ሰኞ

ጫንኩት። ኮምፒውተሩ ይሄ ለእኔ አልተሠራም፣ ትቀጥያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጋሽ ታፈሰ ብለዋል አልኩና ቀጠልኩ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ነጭ ጽሑፍ። ጠፋ። በራ፣ ሰማያዊ፣ ጠፋ። በራ፣ ሰማያዊ፣ ጠፋ።

ሰኚ መውጋቷን አቆመች። «ምንድን ነው ዝም ያልሽው?» ደንግጣ አንቺ አለችኝ። ሌላ ጊዜ እርስዎ ነው የምትለኝ።

ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ሁለት ቀን ፎርም የለም፣ ኮፒ የለም። የመጡትን ሁሉ ነገ እያልኩ መለስኩ።

ቤቴ ያለውን የብስኩት ቆርቆሮ ይዤ መጣሁ። ትምህርቴ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው… ለውዝ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የቀደድኩት፣ ሰው ኮፒ አድርጎ የጣለው፣ ከካርቶን ላይ የላጥኩት። እንግሊዝኛም ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው የተማርኩት፣ ግማሽ ገጽ ግማሽ ገጽ። መጨረሻው የጠፋ ስንት ነገር አውቃለሁ!

አንዱ ቁራጭ ላይ፦ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ሦስት ጊዜ አጥፍተው ቢያበሩት በትንሹ የሚነሳበትን መንገድ ያሳያል፣ ያኔ የመጨረሻውን ሾፌር ያስወግዱ። ከዚያ በታች ተቀድዷል። የቀረውን ራሴ ደረስኩበት። በስድስተኛው ሙከራ። ዐሥር ሰዓት ላይ ተነሳ።

የሰኚ ጠቋሚ ጣት አብጧል፤ ሥራዋን ካዘገየው ሰንብቷል። ሃያ ሁለት ገጽ ላይ ቆማለች። አንድ ልጅ እንኳ አልሞላም።

ታኅሣሥ 22፣ ዓርብ

ሃያ ሁለት ሾፌር ቀርቷል። እየተራ ልሞክር? አንዱ እንደገና ሰማያዊ ቢያመጣና ባይመለስስ? «ሌላ አትንኩ» ብለዋል። ያሉትን ነካሁ፣ ገደለው። ተሳስተው ይሆን? እሳቸው? ለአንዲት ነጠብጣብ የሚጨቃጨቁት ሰውዬ?

አይደለም። ተሳስቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ምኑ ላይ?

ታኅሣሥ 25፣ ሰኞ

ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። እያንዳንዱን መስመር። የቀለም ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ ለማን ፎርም እንደሞሉ። ከዚያ ይህ፦

«ማተሚያውን ተረከብን። የካቲት 2010። አለምዘውድ አብራኝ ተሸከመች፣ ጉልበት አላት።»

ስሜን ሳየው ቆም አልኩ። አዎ፣ ተሸክሜያለሁ። ደረጃው ላይ አውራ ጣቴን መትቶኛል። መቼ ነበር? ካምፓላ በገባሁ በሦስተኛው ወር። የገባሁበት ቀን ወረቀቴ ላይ አለ፣ በፈረንጅ፣ 2017 ኅዳር አካባቢ። በፈረንጅ 2010 እኔ እዚህ የለሁም። ስለዚህ የጻፉት 2010… የኛ ነው!

ገልብጬ ገልብጬ አየሁ። ሁሉም የኛ ነው። ሰውየው ዐሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ኖረው አንድ ቀን እንኳ በፈረንጅ አልጻፉም። የስደተኛ ቢሮ በሄዱ ቁጥር የሚጨቃጨቁት በዚሁ እንደነበር አሁን ነው ትዝ የሚለኝ። እኔ ደግሞ ያን ወረቀት ስክሪኑ ጎን ለጥፌ… ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው ብዬ! የኮምፒውተሩ ነው እንጂ የጋሽ ታፈሰ መቼ ሆነና?

መስከረም 2001፣ ሰባት ዓመት ከምናምን ጨምሪ። 2008። የፈረንጆቹ መስከረም፣ ዘጠነኛው ወር።

ጮኽኩ መሰለኝ። ሰኚ «መብራት መጣ?» አለች። ጠፍቶ ነበር ለካ፣ ልብ አላልኩም።

ከሰዓት እላፊው በፊት ቦዳ ሞተር ላይ አሳፈርኳት። መብራት አልመጣም። ነገ።

ታኅሣሥ 26፣ ማክሰኞ

ፍላሹ ውስጥ አለ። 24፣ ዘጠነኛ ወር፣ 2008። በጣቴ ቆጠርኩ፤ በኛ መስከረም 14፣ 2001 ይሆናል።

መጀመሪያ አዲሱን አስወገድኩ። አሮጌውን ጫንኩ። ቢጫው ምልክት ጠፋ። እንዲያው ጠፋ፣ ሌላ ምንም የለም፣ እልልታ የለም።

አንድ ገጽ ላክሁ። ዝም። ዝም። ከዚያ ማተሚያው እንደ ሚስማር ዝናብ ጀመረ። ሰኚ ተነስታ ሁለት እጇን ላዩ ላይ አሳረፈች፣ ነዝሮ ነዝሮ እስኪጨርስ አላነሳችም። ወረቀቱን ባላበጠው እጇ አነበበች።

«ነጥቡ ከእኔ ይሻላል፣ ያናድዳል» አለች።

አሥራ አራት ገጽ። ሰዓት እላፊ ደረሰ።

ታኅሣሥ 27፣ ረቡዕ

ጠዋት ሞቶ ቆየኝ። ቢጫ ምልክት። 2012።

ተቀምጬ ላለቅስ ነበር፣ አላለቀስኩም። ትናንት ሠርቷል፤ ዛሬ አይሠራም። በመሀል ማን ነካው? ማንም አልገባም፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ታዲያ ሰው ካልገባ የገባው በሽቦ ነው። ራሱ ሲስተሙ አዲሱን ሾፌር ከኢንተርኔት እያወረደ አሮጌውን ያባርረዋል!

የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ። አሮጌውን መለስኩ። አጥፍቼ አበራሁ። አለ። እንደገና አጥፍቼ አበራሁ። አለ።

ይህ ኮምፒውተር ከእንግዲህ ኢንተርኔት አያይም። ፎርም የሚላክ ካለ በስልኬ ይላካል።

አቶ ሙሐመድዘይን ደረጃው ላይ ድምፁን ሰምተው ገቡ። «ሾፌሩ ተገኘ?» አሉ። «ተገኘ። አሮጌው።» «አሮጌማ መንገድ ያውቃል» ብለው ጥጉን ሳያዩ ተመለሱ።

ታኅሣሥ 29፣ ዓርብ

ገና። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀጥታ እዚህ። ጾሙን በሮሌክስ ፈታሁ፣ ከመንገድ ዳር፣ ሁለት እንቁላል በቂጣ የተጠቀለለበት። ሰኚ ከሙቱንጎ መጣችልኝ። ሦስት ልጆች ሞሉ፣ ዘጠና ስድስት ገጽ። ለአራተኛው ልጅ የእጇ ሃያ ሁለት ገጽ አለ። ዐሥር ብቻ ይቀራል። ነገ ቀለም ስለሚቀባ ሕንፃው ዝግ ነው አሉ። እሑድ እንጨርሳለን።

ጥር 1፣ እሑድ

መብራት የለም። ሰፈራችን ኪዋቱሌ በሙሉ። እስከ አምስት ሰዓት ጠበቅን፣ እስከ ስድስት።

የሰኚ ጣት ወስፌውን መያዝ አይችልም። «ስጪኝ» አልኳት። እሷ በቃል ትነግረኛለች፣ እኔ እወጋለሁ። ነጥቡ የሚወጋው ከወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉም ተገልብጦ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ይቃናል። ይህን መልመድ… ጭንቅላቴ ዞረ። ነጥብ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ትለኛለች። የለም እትዬ፣ በመስታወት ያስቡት። ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ከዚያ እጄ ገባው።

ዐሥሩ ገጽ ሲያልቅ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። የመጨረሻው ቦዳ ደጅ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሰኚ የእኔን ገጾች ለማየት ጊዜ አልነበራትም። መቶ ሃያ ስምንቱን በጨርቅ ጠቅልለን አቀፈች።

ጥር 2፣ ሰኞ

ተከፈተ። መንገዱ ዩኒፎርም ብቻ። ሰኚ አልደወለችም።

ጥር 3፣ ማክሰኞ

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ምን ልላት?

ጥር 4፣ ረቡዕ

መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ «እትዬ አለም፣ ምን አድርገው ላኩኝ?» አለች።

አንዷ የጻፍኳት ገጽ… «ዶሮዋ ሣጥን ውስጥ ናት» የምትለዋ። በእንግሊዝኛ ዶሮ ሄን ናት። በብሬል ኤች ሲገለበጥ ጄይ ይሆናል፣ ኢ ሲገለበጥ አይ ይሆናል። ሁለቱንም በመስታወት ማሰብ ረስቼ ቀጥ አድርጌ ወግቻቸዋለሁ። ሄን የነበረችው ጂን ሆናለች።

ሦስቱ ልጆች ዶሮ አነበቡ። አራተኛዋ፣ ኪዛ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ፣ እጇን አውጥታ «ሣጥኑ ውስጥ ጂኒ አለ» አለች።

«ዶሮ ናት!» አሏት ሦስቱ።

«ጂኒ ነው! ና ዳስስ!»

እየተጓተቱ፣ አንዱ የሌላውን ጣት ወረቀቱ ላይ እየጫነ፣ ፊደል በፊደል እየቆጠሩ። ሰኚ ወረቀቱን ስትዳስስ ኪዛ ትክክል ናት። ደንግጣ ቀና ስትል የዋና አስተማሪዋን ጫማ ሰማች። በር ላይ ናት። ከመቼ ጀምሮ? አታውቅም።

«ምን አለች?» አልኳት።

«ሁለት ዓመት ያላነበቡ ልጆች በፊደል ሲጣሉ ሰማሁ አለች። ሌላ ምንም። ወደ ቢሮዋ ሄደች። ከዚያ ሰው ላከችብኝ።»

«ምን ብላ?»

«የሚቀጥለው ሳምንት የት አለ ብላ።»

ተቀመጥኩ። ሰኚ እየሳቀች በትሯን አጠፈች። «ሆነ ብለው ነው እንዴ? እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሆነ ብዬ እንዴት አደርገዋለሁ!

ጥር 16፣ ሰኞ

ሙከራው ዛሬ አለቀ። ሰኚ ለዓመቱ ፈረመች። የፈረመችበትን ወረቀት ላሳይዎት ብላ አመጣች፤ እኔው አነበብኩላት፣ ሁለት ጊዜ።

ኮፒ ማሽኑ በሌላኛው ግድግዳ ገባ። አቶ ሙሐመድዘይን ጠረጴዛዬን ራሳቸው ገፉልኝ።

ልጆቹ ጂኒውን አልተዉትም። በየቀኑ ይጠይቋታል… ከሣጥኑ ወጣ ወይ? ምን በላ? ሰኚ መልስ አልቆባታል። «እርስዎ ነዎት ያስገቡት፣ እርስዎ ያውጡት» አለችኝ።

እኔ? ከዚህ ደብተር በቀር ለማንም ጽፌ አላውቅም። ይህንንም ለማንም አላሳየሁም። በእንግሊዝኛ ደግሞ! የማውቀው እንግሊዝኛ የመጠቅለያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰው አልነበረም። ጻፍኩ። አጭር አጭር ዐረፍተ ነገር። ጂኒው ከሣጥኑ ወጣ። ራበው። ሁለት እንቁላል ያለው ሮሌክስ ገዛ። ቦዳ ላይ ሊወጣ ሲል ጅራቱ ጎማው ውስጥ ገባ። ሾፌሩ፦ «ሴቦ፣ ጌታው፣ ጅራትህን እጠፍ» አለው። ብቻዬን ሳቅሁ። አንድ ገጽ ሞላ፣ ሁለተኛው ተጀመረ፤ ጂኒው ገና ናካሴሮ አልደረሰም።

አራት ኮፒ ብዬ ላክሁ። ማተሚያው ጀመረ። የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ መታ፣ ድምፁ ይረብሸዋል። ይረብሸው። ሁለት ኮፒ ይቀራል።